የሲቢአር ምርመራ ያሠራሁበት ላብራቶሪ፦ ሥራው ጥሩ፣ ሪፖርቱ ግን...

አቃቂ አካባቢ ለሚሠራ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከቆፈርነው ዋልካ አፈር ለሲቢአር (አፈሩ የመንገድ ጭነት ምን ያህል እንደሚሸከም ለሚለካው ምርመራ) ናሙና ይዤ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር። የጆንያውን አፍ ፈትተው ከላይ ዘግነው አልወሰዱም። ሁሉንም ዘርግፈው፣ ቀላቅለው፣ አራት ቦታ ከፍለው ነው ናሙናውን ያወጡት። ከተጠቀጠቀ በኋላ ደግሞ ውሃ ውስጥ 4 ቀን መቆየት አለበት። በሦስተኛው ቀን ደውዬ "አሁን አይበቃውም?" ብላቸው ቴክኒሺያኑ "ወንድሜ፣ ክረምቱ በ3 ቀን ይለቅሃል እንዴ?" አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሲፈተንም ቆሜ አየሁ። 5 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት በደቂቃ 1.27 ሚሊሜትር እየገባ፣ የጭነት መለኪያው ቀስት ግን ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ። ውጤቱ 2 ፐርሰንት! (መቶ ማለት ጥሩ የተፈጨ ድንጋይ ነው።) ዋልካ አይደል፣ ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል። በዚህ ላይ አስፋልት ማንጠፍ ብር መቅበር ነው፣ ወይ አፈሩ ተቆርጦ ይወጣል ወይ በኖራ ይታከማል።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። ቁጥሯን ብቻ ጽፈው ሰጡኝ። በስንት እርጥበትና በምን ያህል ጥግግት እንደተጠቀጠቀ፣ ስንት ፐርሰንት እንዳበጠ የለም፤ ያለዚህ ሲቢአሩ ምን ያደርግልኛል? ሁለቴ ተመላልሼ ነው የተሟላው የመጣው። የሬዚሊየንት ሞጁለስ (አፈሩ ጭነት ሲደጋገምበት ምን ያህል እንደ ላስቲክ እንደሚመለስ የሚለካ) ምርመራም የላቸውም፣ "ሲቢአሩን በ10 አባዛውና በሜጋፓስካል ውሰደው" ነው ያሉኝ። ለግምት ይሁን እሺ።

ለሲቢአር ግን እመለሳለሁ፣ ሪፖርቱን እዚያው ቆሜ ካነበብኩ።