ሲዲ፣ ሸክላ ወይስ ዳውንሎድ? ከፍለን የራሳችን የሚሆነው የቱ ነው

ስትሪሚንግ ይበቃኛል የምትሉ ይሄን እለፉት፣ አልቀየምም። ይሄ ሙዚቃ ገዝቶ የራሱ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ ዘፈን የሰው ወርቅ ነው፣ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም። ሲዲውንም ሸክላውንም ዳውንሎዱንም እየገዛሁ ስጠቀምባቸው ስለቆየሁ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ አንደኛ ሲዲ፣ ተከትሎት ያልተቆለፈ ዳውንሎድ፣ ሸክላ ለሚወደው ብቻ፣ ካሴት ደግሞ... እንጃ ካሴትስ።

ሲዲ አንደኛ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፣ አሮጌ እቃ ነዋ። ግን ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲያወጡት የመረጡት ልክ፣ 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ (ድምጹን በሰከንድ 44,100 ጊዜ መለካት) ማለት ነው፣ እስካሁን ጆሯችን አልበለጠውም። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው የሚሰማው፣ ሲዲው የ44.1ን ግማሽ፣ እስከ 22 አካባቢ ይይዛል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ካላበላሹት በቀር የሚጎድል ነገር የለም። እኔን የሚገዛኝ ግን ሌላ ነው፦ ሲዲውን ከገዛችሁ ፋይሉም የናንተ ነው። ኮምፒውተር ላይ ትገለብጡታላችሁ፣ ፍላክ አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ (ፍላክ ከ2001 ጀምሮ ያለ ነጻ ፎርማት ነው፣ መጠኑን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ከድምጹ ግን ምንም አይጥልም)፣ ስልካችሁ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን ቀጥ ካለ ሲዲው መደርደሪያው ላይ ነው ያለው፣ እንደገና መገልበጥ ነው በቃ።

ስለመገልበጥ ካነሳን ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ። መልኩ ያስጠላል፣ ሴቲንጉ ያደክማል፣ ግን ታማኝ ነው። ጭረት ያለበት ቦታ ሲደርስ ዝም ብሎ አያልፍም፣ እዛው ቆሞ ደጋግሞ ያነባል፣ ድራይቩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ድምጹ ራሱ ይለወጣል፣ ቅድም ዚዝዝ ሲል የነበረው እርር እርር ማለት ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ያነበበውን ሌሎች ሰዎች ከዚሁ አልበም ካነበቡት ጋር፣ አኩሬትሪፕ በሚባል የጋራ መዝገብ፣ ያመሳክርና ልክ ነው ወይም አይደለም ይላችኋል። ያቺን ልክ ነው የምትለዋን መስመር ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፣ ምን ላድርግ።

እንከኑም አለ። የአሁን ላፕቶፖች አብዛኞቹ ዲስክ ማስገቢያ የላቸውም፣ ለብቻው የሚሰካ ድራይቭ መግዛት ግድ ነው። የፕላስቲክ ሳጥኑ መሃል ላይ ዲስኩን ነክሰው የሚይዙት ጥርሶች ደግሞ ገና ሲያዩዋቸው ይሰበራሉ፣ ከዛ በኋላ ዲስኩ ውስጥ ውስጡን እየዞረ ራሱን በራሱ ይጫጫራል። መበላሸትም አለ፣ እንግሊዝ ብላክበርን የነበረው ፒዲኦ የሚባል የሲዲ ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 አካባቢ ካመረታቸው ዲስኮች ብዙዎቹ ከዳር ጀምረው ነሐስ እየመሰሉ ተበላሽተዋል። ሶኒ ቢኤምጂ የሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ ደግሞ በ2005 ኮፒ እንዳይደረግ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ የሚጫን ሶፍትዌር ሲዲ ውስጥ ሲከት ተጋልጦ ዲስኮቹን ከገበያ ሰብስቧል። እዩት እንግዲህ፣ ሳይከፍል የወሰደው ሰው ምንም አልሆነም፣ ከፍሎ የገዛው ነው ኮምፒውተሩ የተበላሸበት።

ዳውንሎድ ላይ ሰው የሚምታታው ሁለት የተለያዩ እቃዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንዱ የተቆለፈ ነው። የአፕሉ አይቱንስ መሸጫውን በ2003 ሲከፍት ይሸጥ የነበረው ጥራቱ 128 ኪሎቢት የሆነ ፋይል ከ3 ኮምፒውተር በላይ አይሰራም ነበር፣ 2009 ላይ ቁልፉን አንስቶ ጥራቱን 256 ሲያደርሰው ነው ለኔ የሚገዛ እቃ የሆነው። ማይክሮሶፍትማ ባሰ፣ በ2008 ኤምኤስኤን ሙዚቃ ከሚባለው መሸጫው ለገዙት ሰዎች ከእንግዲህ ለአዲስ ኮምፒውተር ቁልፍ አንሰጥም ብሎ አስታወቀ፣ ጊዜውን ያራዘመው ጩኸቱ ሲበዛበት ነው። አስቡት እስኪ፣ በብራችሁ የገዛችሁት ዘፈን ላፕቶፕ ስትቀይሩ ድምጽ አልባ ሆኖ ቁጭ!

ሁለተኛው ያልተቆለፈው ነው፣ ባንድካምፕ የሚባለው፣ ሙዚቀኞች ስራቸውን የሚሸጡበት ድረገጽ ላይ እንዳለው። ከፍላችሁ ስትጨርሱ ፎርማት ምረጡ ይላችኋል፣ ኤምፒስሪ 320 በሉት ፍላክ በሉት ዌቭ፣ ነገ ሃሳባችሁን ብትቀይሩ ተመልሳችሁ በሌላ ፎርማት ታወርዱታላችሁ፣ ከዲጂታል ሽያጩ የሚቆርጠው ደግሞ በአብዛኛው 15 በመቶ ስለሆነ (የክፍያ ማስተላለፊያው ለብቻ ነው) ትልቁ ድርሻ ለሙዚቀኛው ይደርሳል። ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ግን ሙዚቀኛው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም፣ ሃቁ ይነገር፣ እዚህ ላይ ዳውንሎዱ ሲዲን ይበልጠዋል። አዲስ ሲዲ ወይም ሸክላ ከዛው ስትገዙ ፋይሉን አብሮ የሚሰጥም ሞልቷል፣ እሱን ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግዙ።

ያልተቆለፈም ቢሆን ግን ዳውንሎድ ጠባቂ ይፈልጋል። አካውንቴ ላይ አለልኝ ብሎ የሚተኛ ሰው አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሸጫ ላይ የገዛሁት አልበም የአሳታሚው ውል አልቋል ተብሎ ከዝርዝሬ ላይ ጠፋ፣ ብጽፍላቸው ‹‹በወቅቱ ማውረድ ነበረብዎት›› የምትል ሁለት መስመር መለሱልኝ። እኔ እንኳን አውርጄ ሁለት ቦታ አስቀምጬው ስለነበር አልተጎዳሁም፣ ግን መልሱ አንገበገበኝ፣ ለሽያጩ ሲሆን እኮ በየሳምንቱ ነው ኢሜይል የሚልኩት። መልሶ መሸጥማ አይታሰብም። ሬዲጂ የሚባል ድርጅት ሰው የገዛውን ፋይል መልሶ እንዲሸጥ ላገናኝ ቢል ካፒቶል ሪከርድስ የሚባለው አሳታሚ ከሰሰው፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ፋይሉ ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ ስለሚፈጠር አይቻልም ብሎ በሩን ዘጋው። ሲዲ ሲሰለቻችሁ ግን ትሸጡታላችሁ፣ ለእህታችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ጠያቂ የለም።

ደግሞ ኤምፒስሪ ለምትገዙ አንድ የሚያበግነኝ ነገር ላንሳ፣ የኮንሰርት ቅጂ። ኤምፒስሪ ሲሰራ ፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይጨመርበታል፣ ማጫወቻው ይህን ዘልሎ ማለፍ ካልቻለ ጭብጨባው እየጋለ፣ ሰው እያፏጨ፣ ዘፋኙ ሊጀምር ትንፋሽ ሲስብ ድም! ይላል፣ ለቅጽበት አዳራሹ በሙሉ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። አንዴ ካስተዋላችሁት ከዛ በኋላ አትድኑም። እንደዚህ አይነት አልበም ከሆነ በፍላክ ወይም በሲዲ ግዙት።

ሸክላ ላይ አልከራከርም። ኮሎምቢያ የሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ በ1948 ያወጣው ረጅሙ ሸክላ ዛሬም እየተሸጠ ነው፣ እንዲያውም በአሜሪካ በ2020 ገቢው ከሲዲ በልጧል፣ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሽፋኑ ያምራል፣ ስሙን ጽሁፉን ያለ መነጽር ታነቡታላችሁ፣ አንዱ ፊት 22 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ደግሞ ተነስቶ ወደ ሌላኛው ፊት ማዞር አለ፣ እሱ ለአንዳንዱ ሰው ደስታ ነው ለሌላው መከራ። ድምጹ ይበልጣል የሚባለውን ግን አልቀበልም። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ያጥራል፣ ድምጹ ተጨናንቆ መሻከር ይጀምራል፣ የየፊቱ መጨረሻ ላይ ያለ ዘፈን ላይ አድምጡት፣ በተለይ ስ እና ሽ ሲመጡ። አዳዲሶቹ ሸክላዎች ብዙዎቹ የሚቀረጹትም ከዲጂታል ቅጂ ነው።

ካሴት፣ 1963፣ ፊሊፕስ። በስክሪብቶ ማጠንጠን ለናፈቀው ሰው።

ስለዚህ አንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ያልተቆለፈ ዳውንሎድ፣ ሙሉ አልበም ከሆነ ሲዲ። ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ የታችኛውን ፊት ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ የታች ጭረት አብዛኛው ይነበባል፣ አደገኛው የላይኛው ነው፣ ድምጹ የተጻፈበት ሽፋን ከላይ ከህትመቱ ስር ስለሆነ እዛ ጋ የተፋቀ ነገር አይመለስም። መብራት ፊት ያዙትና ብርሃን በነጠብጣብ የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ የሁለቱንም ፊት ፎቶ ጠይቁ፣ ሻጩ የሳጥኑን ሽፋን ብቻ ደጋግሞ ከላከላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።