አሮጌ ዳትሰን ፒክአፕን ዝቅ ለማድረግ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

አዳማ ላይ አሮጌ ዳትሰን ፒክአፕ ይዞ ዝቅ ሊያደርገው ያሰበ ሰው፣ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መኪናው ጭነት ይዞ ወንጂ የሚመላለስ ነው ወይስ እሑድ እሑድ ብቻ የሚወጣ የሚለውን ለራሱ መመለስ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1979 የተመረተው 620 የተባለው ሞዴልና እሱን የተካው 720 ከፊት በቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ)፣ ከኋላ በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) የተያዙ ስለሆኑ፣ የፊቱና የኋላው ምርጫ አንድ አይደለም።

ከፊት የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ቡሎን በማላላት ብቻ መኪናውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ወጪው የእጅ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ቡሎኑ የሚለውጠው ከፍታውን እንጂ የባሩን ጥንካሬ ስላልሆነ፣ መኪናው በዝቅታው መጠን የጎማውን ወደ ላይ መውጣት ከሚገታው የማቆሚያ ላስቲክ ጋር ይቀራረባል፤ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲወጣም ይመታል። ወፍራም ባር መግዛት ይህን ያቃልላል፤ ነገር ግን የባሩ ውፍረት በ10 በመቶ ሲጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ባዶውን የሚሄድ ፒክአፕ ያንገጫግጫል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ዝቅታ የነበረው ባር ይበቃል ባይ ነኝ። ባሮቹ ከወጡ ግራና ቀኙ እንዳይምታታ ምልክት ይደረግባቸው፤ ከሥራው በኋላም አላይመንት ካልተሠራ ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል።

ዋናው ክርክር ያለው ከኋላ ነው። ብዙዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ከባሌስትራው አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ያስወጣሉ። መኪናው በእርግጥ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም የመሸከም አቅሙ አብሮ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ኩንታል ሲጫንበት አክስሉ ሻንሲውን ይመታል፤ ፍሬን ሲያዝም የቀሩት ቅጠሎች ይጣመማሉ። ለሚጭን መኪና ይህን አልመክርም። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው የብረት ብሎክ (የግንባታውን ብሎኬት ማለቴ አይደለም) ግን የባሌስትራውን ጥንካሬ ሳይነካ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋል። ይህ የሚሠራው ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር የተቀመጠ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከበላይ ከሆነ ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከሥር ገብቶ ማየት ነው። ብሎኩ የባሌስትራው መሐል ቡሎን የሚቀመጥበት ቀዳዳና ጉጥ ያለው መሆን አለበት፤ ሁለት ብሎክ መደራረብ ወይም እንጨት መጠቀም አደጋ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶችም ረዘም ያሉና አዲስ ሆነው አብረው ይገዙ፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይጠበቁ።

ሦስተኛው አማራጭ ለዝቅታ ተብሎ የተሠራ አዲስ ባሌስትራ ነው። ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ መኪና ግን በዋጋም በማግኘትም ከባድ ስለሚሆን፣ ያለው ባሌስትራ የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ካልሆነ ብሎኩ ይሻላል።

ከዚህ የተረፈው ብር ወደ ሾክ አብዞርበር ቢሄድ እመርጣለሁ። ለቀድሞው ከፍታ የተሠራ ሾክ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚታጠፍ፣ ውስጡ ሲመታ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ አጠር ያለ ዓይነት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የሚታየው የኋላ ፍሬን ነው። በአንዳንድ ፒክአፖች ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነትን እየለካ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። አካሉ ወደ አክስሉ ሲቀርብ ቫልቩ መኪናው የተጫነ ስለሚመስለው፣ ባዶውን መኪና ከኋላ ጎማው እንዲያንሸራትት ያደርጋል። ዘንጉ በአዲሱ ከፍታ ልክ ተስተካክሎ፣ ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ፍሬን እየተያዘ ሳይሞከር፣ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ወደሚነዳበት የአዲስ አበባ ፈጣን መንገድ መውጣት አይገባም።