ዝናብ ሲጥልም የሚሠራው፦ ታብሌት በፊዚክስ ክፍል

ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ታብሌት ካገኘ ወዲህ ሌላ ቦታ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር "እንዴት ነው፣ ይጠቅማል?" ይሉኛል። መልሴን እዚህ ልጻፈው። ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ለጥቂት ነገር ነው። ለዚያ ለጥቂቱ ነገር ደግሞ ምትክ አላገኘሁለትም።

10ኛ ክፍል ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ቤተ ሙከራችን ያለው ሽቦና አምፖል ለክፍሉ ልጅ ሁሉ አይዳረስም። ከአሚትሮቹ (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያዎቹ) የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። እዚህ ላይ የደረሰልን "ፌት" የሚባለው የሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠራ አስመስሎ ሙከራ፣ ስብስብ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ነው። ነፃ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም።

ልጆቹ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በጣታቸው እየጎተቱ ያገናኛሉ። ኤሌክትሮኖቹ ሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ያያሉ። ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ሲጨምሩ ሁሉም ቀስ ይላሉ። ብዙ ልጆች ከረንት (የኤሌክትሪኩ ፍሰት) አምፖሉ ጋ ሲደርስ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ይህ ሐሳብ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ማስታወሻ አይለቅም። ከአምፖሉ ወዲህም ወዲያም እኩል ሲፈስ በዓይናቸው ሲያዩ ግን ለቀቃቸው። አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ታዲያ የሚያልቀው ምንድን ነው?" አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመስማት ነው የማስተምረው! ወደ ኢነርጂ የገባነው በእሷ ጥያቄ ነው።

የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ብቻ ሲያገናኙት ደግሞ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ቤታቸው ሽቦ የሚነካኩ ልጆች ስላሉ ይህን ሁሉም ቡድን እንዲሞክረው አደርጋለሁ።

ቪዲዮው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ኮሊብሪ" የሚባል ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነናል። ታብሌቶቹ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከእሱ ጋር ተገናኝተው ካን አካዳሚ የሚባለውን ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎች ይከፍታሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር የእኔ ድምፅ እንኳ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም፤ የታብሌት ስፒከርማ ምን ሊሆን። ለሁሉም ልጅ የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ የለንም። ሲሙሌሽን ድምፅ ስለማይፈልግ ዝናብ አያግደውም። ስለዚህ ቪዲዮ ቀንሼ ሲሙሌሽን ጨምሬአለሁ።

የእኔ ትውልድ በፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ነው የተማረው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣልን ነበር። ቆይ አይባል፣ ይደገም አይባል። መምህራችን ጥግ ይዘው ቆመው እስኪያልቅ ሲጠብቁ ዛሬም ይታየኛል። ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ ያ ስክሪን ግን አፋቸውን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ክፍል የሚገባን መሣሪያ ሁሉ የምመዝነው አስተማሪው ሊያስቆመው በመቻሉ ነው። ታብሌት ይህን ያሟላል። "ገልብጡ" ስል ሁሉም በስክሪኑ ይደፋል፤ እንነጋገራለን፤ ከዚያ "አንሱ" እላለሁ።

ካልተደፋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ካሜራ ይከፍታል፣ ሌላው ጌም ይፈልጋል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የትምህርት ሪፖርት ላይ፣ ሐሳቡ የተበተነ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት ጠቅሷል። የእኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ስለዚህ ታብሌቶቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፤ የሚወጡት ለሚያስፈልጉበት ትምህርት ብቻ ነው።

አንድ ታብሌት ለብዙ ልጅ መሆኑም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ዝም ብላችሁ ከሰጣችኋቸው የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው፤ ቤቱ ስልክ ያለው። የሌላቸው ከኋላ ያንጋጥጣሉ። ለእኔ የሠራልኝ ሕግ ይህ ነው፦ የያዘው አያዝም፣ የሚያዘው አይነካም። አንዷ "ሽቦውን እዚያ አድርግ" ትላለች፣ ሌላው ያደርጋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ያኔ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሲከራከሩ ክፍሉ ይሞቃል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩን አልከለክልም።

የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍም ተጭኗል። መጽሐፍ ሲያጥር ጥሩ ነው፤ ለረጅም ንባብ ግን ዓይን ያደክማል።

አሁን ወደ ዕቃው ራሱ። ባትሪው መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቆይ ነበር፤ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ከሰዓት በፊት ይሞታል። ማታ መብራት ከሄደ ጠዋት ያለው ባዶ ታብሌት ነው። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ቻርጅ ማድረግም ያሰጋል። የተሰነጠቁትን አንድ ሱቅ ወስደን ስክሪን ለመቀየር የጠየቁን ዋጋ ትምህርት ቤቱ የሚችለው አልነበረም። የሸጠልን ድርጅት ደግሞ "ዋስትናው ስብራትን አይጨምርም" አለን። ግዢ ላይ ያላችሁ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ወፍራም ከቨርና የስክሪን መከላከያ ከነዋጋው አብሮ ይገባ በሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ወላጆች "ታብሌት ካላቸው ለዚያ ይዘጋጃሉ" ይሉኛል። በስክሪን ላይ ማንበብን ያለማምዳቸዋል፤ እውነት ነው። ማውስ ይዞ መሥራትን ግን አያስተምርም። በጣቱ ሲጎትት የማይሳሳት ልጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ቀስቱን ፍለጋ ሲቸገር አይቻለሁ። ፈተና ላይ እንዲህ የሚባክን ደቂቃ ያሳዝነኛል፤ ልጁ መልሱን ያውቀዋልና።

ለሚመጣው ዓመት ርእሰ መምህራችንን ተጨማሪ ታብሌት አልጠየቅኩም። ማውስ ያላቸው ያገለገሉ ዴስክቶፖች፣ አንድ ፕሮጀክተርና የሚሠሩ አሚትሮች ነው ያልኳቸው። ልጆቹ ስክሪን ላይ የገጠሙትን ሰርኪዩት በማግስቱ በእውነተኛ ሽቦ እንዲገጥሙት እፈልጋለሁ።