ስልክ ወይስ ካሜራ? ለጓሮ ወፍና አበባ

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ፣ ቤተሰብ ጋ ስሄድ ሁለቱንም እይዛለሁ። ለአበባ ስልኩ ይበቃል። ጠጋ ትላለህ፣ ስክሪኑን ነካ ታደርጋለህ፣ አለቀ። በመስከረም አደይ አበባውን ጤዛው ሳይረግፍ ካነሳኸውማ ካሜራ ያለውም ይቀናል።

ወፍ ላይ ግን ስልክ ያሳፍራል። ያ ደፋሩ ቁራ እንኳ ዙም ስታደርገው ጥቁር ነጥብ ነው የሚሆነው። 300 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ግን አጥሩ ጋ ሳትደርስ ላባውን ያሳይሃል፤ ለሚበር ወፍ የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አካባቢ አድርገው። ችግሩ ዋጋው፣ ክብደቱ፣ ደግሞ የክረምቱ ጭጋግና ዝናብ። እናቴ «በዚህ ብር በግ አትገዛም?» ብላኛለች፤ መልስ አልነበረኝም።

አበባና የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ስልክህ ይብቃህ። የወፍ ነገር ከለከፈህ ያገለገለ ካሜራ ፈልግና ዋናውን ገንዘብ ሌንሱ ላይ አውለው።