«ከባሕሩ ሁለት እርምጃ» የተባለልን የዛንዚባር ፓኬጅ፦ ከአምስት ሁለት ኮከብ

በተመለስኩ ማግስት ብጽፈው ኖሮ አንድም ኮከብ አልሰጥም ነበር። ስድስት ሳምንት አቆየሁት። መቆየቱ ለጉዞ ወኪሉም ለእኔም ደግ ሆነ።

የገዛነው የስምንት ቀን ፓኬጅ ነው፤ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ማመላለሻ እና አራት ሽርሽር ያለበት። ሆቴሉ የሚገኘው በደሴቷ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ ነው። የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሁለት ዓመት ቆጥበንለታል። የወኪሉን ስም አልጠራም፤ ክርክራችን ገና አላለቀም።

ብሮሸሩ «ከባሕሩ ሁለት እርምጃ» ይላል። ፎቶው ላይ ውኃው ሆቴሉ በር ድረስ መጥቷል። እኛ ከቀትር በኋላ ደረስን። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ወደ ዳርቻው ሮጠች፤ ከዚያ ቆመች።

«ባሕሩ የታለ?»

እውነቷን ነው። ባሕር የለም። እርጥብ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ አንድ በጎኑ የተጋደመች ጀልባ። ውኃው ሩቅ፣ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። የሆቴሉ ልጅ ሣቅ ብሎ «ማታ ይመጣል» አለን፤ ዘመድ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

በኋላ እንደገባኝ፣ በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሄደው። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ዛሬ በአራት ሰዓት ከዋኛችሁ ነገ ወደ አምስት ሰዓት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሽሽቱ ይብሳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ሰንጠረዡም ኢንተርኔት ላይ አለ። ወኪሉ ግን አንድ ቃል ሊናገር ይችል ነበር። እኔም አንድ ጥያቄ መጠየቅ እችል ነበር።

ዝናቡም እንደዚያው ነው። የሄድነው በሚያዝያ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ረጅሙን ዝናብ እዚያ «ማሲካ» ይሉታል። «የወቅት ቅናሽ» ሲሉኝ ጎበዝ ተደራዳሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ የየትኛው ወቅት? አልጠየቅኩም።

ሻንጣዬ ደግሞ አልመጣም። የባለቤቴ መጣ፣ የእኔ ሌላ አገር ቀረ። ሦስት ቀን በአንድ ሱሪ ከረምኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ ሻንጣው አለመድረሱን አስመዝግቡ፣ ወረቀቱን ያዙ፣ በመሃል የገዛችሁትን ልብስ ደረሰኝ አትጣሉ። ብዙ አገሮች በፈረሙት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ ሻንጣው ዘግይቶ ከመጣ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ተጎድቶ ከመጣ 7 ቀን ብቻ ነው። እኔ በ19ኛው ቀን ነው ያመለከትኩት፤ ለጥቂት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ዕድል ነው፣ ወይም የእኔ ስንፍና። ክፍሉ ግን ሌላ ነው። ውላችን ላይ «ባሕር የሚያይ ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። የእኛ መስኮት የሚያየው በግንባታ ላይ ያለ ግድግዳ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መዶሻ። ወኪሉን ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ አትጨነቅ፣ ነገ ይቀየርላችኋል» አለኝ። በማግስቱም «ነገ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ማንሳት ተወ። ቆሽቴ አረረ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ከዝናቡም ከግድግዳውም በላይ ያንን ጉዞ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። «ይህን ሁሉ ከፍለን!» የምትል ዓረፍተ ነገር ይዤ ስዞር ከረምኩ። ቁርስ ላይ እሷን እላለሁ፣ ማታ እሷን እላለሁ። በአራተኛው ቀን ወደ ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት የምንሄድበት ሽርሽር ነበረ። ሰማዩ ጠቁሯል። ባለቤቴ «ይቅርብን፣ ተኝተን እንዋል» አለች። እኔ «ተከፍሎበታል!» አልኩ። ሄድን። ዶልፊን አላየንም። እሷ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ስታስመልስ ዋለች፤ እኔ ጀርባዋን እያሻሸሁ በልቤ ሒሳብ እሠራለሁ።

ከተመለስን በኋላ ስለዚህ ጠባይ ሳነብ አርክስ እና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን ጥናት አገኘሁ። ሰዎቹን እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ለአንድ የበረዶ ሸርተቴ ጉዞ 100 ዶላር፣ ለሌላው 50 ዶላር ከፍላችኋል እንበል። ይበልጥ የሚያስደስታችሁ ባለ 50ው ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ፣ ገንዘቡም አይመለስም። የቱ ጋ ትሄዳላችሁ? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለ 100ውን መረጡ። ለባለቤቴ ሳነብላት «ስምህን ነው ያልጻፉት» አለችኝ።

ቀጣዩን ሽርሽር ወኪሉ ራሱ ሳይነግረን ሰረዘው። የመጨረሻውን እኛ ተውነው። ባለቤቴ ወሰነች፣ እኔ አኩርፌ ተስማማሁ። በዚያ ጠዋት ባሕሩ በሸሸበት በባዶ እግራችን ወደ ውስጥ ሄድን። ግማሽ ሰዓት ያህል ስንራመድ ውኃው ገና ቁርጭምጭሚታችን ጋ ነው። ሴቶች በትንንሽ እንጨቶች መካከል ገመድ ወጥረው የባሕር አረም ሲያለሙ ደረስን። ከዚያ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙናንም አይስክሬምንም ለማወፈር ይገባል። የእነሱ የሥራ ሰዓት ባሕሩ ሲሸሽ ነው። እኔ አራት ቀን ሙሉ የረገምኩት ሰዓት ማለት ነው። አንዷ ገመዱን አስይዛኝ ቋጠሮ አሳየችኝ፤ ቋጠሮዬ ተፈታ፣ ሣቁብኝ። ስልኬ ክፍል ቀርቶ ስለነበር የዚያ ቀን አንድም ፎቶ የለንም። አንዱ ኮከብ ለዚያ ጠዋት ነው፤ ወኪሉ ግን እጁ የለበትም።

ሁለተኛው ኮከብ ለሾፌሩ ነው። በዝናብ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ሳለ በሰዓቱ መጣ፣ የእኔንም ኩርፊያ ታገሠ።

ቤት ከገባን በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «እንዴት ነበር?» ይላል ያገኘኝ ሁሉ። ለአራት ሰው «አሪፍ ነበር» ብዬ ዋሸሁ። በዋሸሁ ቁጥር ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ እብሰለሰላለሁ። ለአምስተኛው የሱሪዬን ታሪክ አወራሁለት። በሣቅ ፈረሰ። ያን ሌሊት ተኛሁ።

ከዚያ አቤቱታ ልጽፍ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚጻፍ ስፈልግ የአንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ጉዳይ አገኘሁ። ሚስተር ጃርቪስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ለገና የ15 ቀን ፓኬጅ ገዝቶ ስዊዘርላንድ ሄደ። ብዙ እንግዶች አብረውት እንደሚሆኑና ጨዋታ እንደሚደምቅ ብሮሸሩ ቃል ገብቶለታል። ሁለተኛውን ሳምንት በሆቴሉ ብቻውን ሆነ። የሆቴሉ ባለቤት እንግሊዝኛ አይችልም። ይመጣል የተባለው ዘፋኝ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ አራት አምስት ዘፈን አንቆርቁሮ ሄደ። የከፈለው 63 ፓውንድ ገደማ ነው። ሎርድ ዴኒንግ የመሩት የይግባኝ ችሎት ግን 125 ፓውንድ ፈረደለት፤ ያጣው ደስታም ራሱ ካሣ ይገባዋል ብለው። አነበብኩት፣ ደጋገምኩት። የዚያን ሰውዬ ሁለተኛ ሳምንት ሳስበው ጓደኛ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አራት ገጽ ወጣው። ባሕሩን ከሰስኩ፣ ደመናውን ከሰስኩ፣ ዶልፊኖቹን ሳይቀር። ባለቤቴ አንብባ «የዝናቡንም ሊከፍሉህ ነው?» አለች። ቀደድኩት። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ነው፤ ውሉ ስለ ክፍሉ ምን ይላል፣ የግድግዳው ፎቶ ይኸው፣ የደወልኩባቸው ቀናት እነዚህ ናቸው፣ የሰረዛችሁት ሽርሽር ይህ ነው፣ ይህን ያህል መልሱልኝ። ያንን ስጽፍ ነው ቁጣዬ በልኩ የሆነው። ለካስ የተበደልኩት ከጉዞው ሩቡን ያህል ብቻ ኖሯል።

በ12 ቀን መልስ መጣ። የክፍሉን ልዩነት መልሰዋል። ስለ ተሰረዘው ሽርሽር እየተከራከርን ነው። ከደብዳቤው ግርጌ «ለሚቀጥለው ጉዞዎ ልዩ ቅናሽ» የሚል ኩፖን አያይዘዋል።

ባለቤቴ ተቀብላኝ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«በየትኛው ወር?» አለች።