ምስጋናም ጥቆማም፦ ስለ ሥዕልና ድራማ ክፍላችን ቴክኒሽያን

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሥዕልና ድራማ የምናስተምር መምህራን ነን። ይህን የምንጽፈው ሁለቱን ክፍሎች በቴክኒሽያንነት የያዙልንን፣ ተማሪውም መምህሩም «ጋሼ» የሚላቸውን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ጊዜ ስለሚኖራቸው ጥቆማም ጭምር ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሳቸውን አስፈቅደን እናገናኛችኋለን።

ኬሚስትሪ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ቢኖረው ማንንም አይገርምም። የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ግን በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቢገባም፣ የሸክላ መጥበሻ ምድጃውንና የመድረክ መብራቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ራሱ ነው፤ አለዚያም «ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካካል» የተባለ ሰው። ርዕሳነ መምህራን «ለሥዕል ደግሞ ቴክኒሽያን ምን ይሠራል?» ሲሉ ስለምንሰማ፣ ጋሼ የሚሠሩትን ዘርዘር አድርገን ብንጽፈው ከውዳሴ ይሻላል።

ከሸክላው እንጀምር፤ ተማሪ የሚያስለቅሰው እሱ ነውና። ሥራ ምድጃ ውስጥ ሲፈነዳ ሁሉም «አየር ገብቶበት ነው» ይላል። አየር ብቻውን ሸክላ አያፈነዳም። የሚያፈነዳው ውስጡ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ጋሼ እያንዳንዱን ሥራ ከመደርደሪያ አንሥተው ጉንጫቸው ላይ ያስነካሉ። ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። የማስረከቢያ ቀን ደረሰ ተብሎ ቢለመኑም አይሰሙም። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ነገርም ከሥሩ ሳይፈለፈል ምድጃ አይገባም።

ከውጭ የመጣ መመሪያ ይዘው የሚሠሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ መመሪያ ምድጃውን 95 ዲግሪ ላይ አቁማችሁ አድርቁ ይላል። ይህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ይሠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 95 ላይ ያቆመ ሰው ሸክላውን እየቀቀለው ነው ማለት ነው። ጋሼ 80 ላይ ያቆሙና ክዳኑን በጣት ውፍረት ከፈት አድርገው ያሳድሩታል። ጠዋት በመመልከቻ ቀዳዳው ፊት ትንሽ መስታወት ይይዛሉ፤ መስታወቱን ጉም ካለበሰው ገና ነው። ጥርት ብሎ ከቀረ ክዳኑን ዘግተው እስከ 600 ድረስ በሰዓት 60 ዲግሪ ያህል፣ ከዚያ እስከ 1,000 ድረስ በሰዓት 100 ዲግሪ ያህል ይጨምራሉ። በመካከል 573 ዲግሪ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን መጠኑ በድንገት ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱ ሲወጣም ሲወርድም እዚያ አካባቢ መቸኮል ስንጥቅ ያመጣል። ሙቀቱ ከ100 በታች ሳይወርድ ምድጃው አይከፈትም፤ ርዕሰ መምህሩ እንግዳ ይዘው ቢመጡም።

መብራት ቢጠፋስ? በየሰዓቱ ሙቀቱን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ስለሚጽፉ ምድጃው የት እንደቆመ ይታወቃል። ክዳኑ አይነካም። መብራቱ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር አይተው፣ ምድጃው በዚያ ሰዓት ካለበት ሙቀት ያስቀጥሉታል። ግሌዝ (ሲጠበስ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) ላልተቀባ የመጀመሪያ ጥብስ መቆራረጡ ብዙም አይጎዳም፤ ግሌዝ ላይ ግን መልኩን ያበላሻል። ስለዚህ ግሌዝ የሚያስገቡት መብራት እምብዛም በማይጠፋበት ሌሊት ነው። የዕቃው መቀመጫም ከታች 3 ሚሊ ሜትር ያህል በእርጥብ ስፖንጅ ተጠርጎ ነው የሚገባው፤ ካልተጠረገ ግሌዙ ቀልጦ ዕቃውን ከመደርደሪያው ጋር ያጣብቀዋል።

የሸክላ ክፍሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም። ብናኙ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ ጠረጴዛውም ወለሉም በእርጥብ ስፖንጅና በመወልወያ ይጸዳል። እጅ የሚታጠበው በተርታ በተቀመጡ ሦስት ባልዲዎች ነው፣ ቧንቧው ጋ የሚደረሰው ከሦስተኛው በኋላ። ከባልዲው ሥር የሚዘቅጠው አፈር ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ እንደገና ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በግማሽ የደረቀ ጭቃ ግን እጢ እጢ እየሆነ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ጄሶ ሰሌዳ ላይ ተደርጎ ውሃው ሲመጠጥ ታሽቶ ለሥራ ይመለሳል።

ጄሶ ሲነሣ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። ለጄሶ የተለየ ጠረጴዛና የተለየ ባልዲ አለ፤ ፍርፋሪው ሸክላ ውስጥ ከገባ ከጥብስ በኋላ እርጥበት እየሳበ የዕቃውን ገጽ ያስፈነጥራል። ቧንቧ ውስጥ ከገባ ደግሞ እዚያው ድንጋይ ይሆናል። ከሁሉ በላይ፣ ማንም ተማሪ እጁን ጄሶ ውስጥ ከትቶ ቅርጽ እንዲያወጣ አይፈቅዱም። ጄሶ ሲጠነክር እስከ 60 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፣ የጠነከረውም እጅን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ አገር አንዲት ተማሪ በዚህ መንገድ በክፍል ውስጥ ተቃጥላ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች።

ወደ ድራማው ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ይህ ሶኬት የትኛው ብሬከር ላይ ነው?» የሚል ነው። አዳራሹን ዞረው እያንዳንዱን ሶኬት በቁጥር ምልክት አድርገዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ220 ቮልት አንድ ባለ 1,000 ዋት የመድረክ መብራት 4.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 16 አምፔር ብሬከር ላይ ሦስት ሲሰካ 13.6 ነው፣ ይችላል። አራተኛው ሲጨመር ከ18 ያልፋል። አደጋው ብሬከሩ ወዲያው ላይወርድ መቻሉ ነው፤ መጋረጃ ሥር የተጣለው ርካሽ ዲቫይደር ግን ከብሬከሩ ቀድሞ ይቀልጣል። ስለዚህ ለመድረክ መብራት ዲቫይደር የሚባል ነገር የለም። ጥቅል ኤክስቴንሽንም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው የሚዘረጋው፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ውስጡ ይግላል። መብራቱ ከመጋረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ይርቃል፣ ከመያዣው ሌላ በብረት ገመድም ይታሰራል። ድምፁ ከመብራቱ በተለየ መስመር ነው፤ አንድ ላይ ከሆኑ ስፒከሩ እዝዝ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ብዙ ትምህርት ቤት ኤልኢዲ ፓር (ቀለም የሚቀያይር የመድረክ መብራት) እየገዛ ነው፣ ጥሩም ነው። ችግሩ ሻጩ ሰቅሎ ይሄዳል፣ አድራሻ (መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን መብራት የሚለይበት ቁጥር) አይሰጥም። መብራቱ 7 ቻናል የሚወስድ ከሆነ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 15 መባል አለበት፤ ሁሉም 1 ላይ ከቀሩ አንዱን ስትነኩ ሁሉም አብረው ቀይ ይሆናሉ። መብራቶቹ በራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ካስቸገሩም ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት ገመዱን ነው። በዲኤምኤክስ ገመድ (የመቆጣጠሪያውን ትዕዛዝ ወደ መብራቶቹ በሚወስደው) ፋንታ የማይክ ገመድ ተሰክቶ ይገኛል፣ አለዚያም የመስመሩ መጨረሻ ክፍት ነው። ለክፍቱ መጨረሻ መድኃኒቱ እዚያ በሚሰካው የዲኤምኤክስ ስፒና 2ኛና 3ኛ እግር መካከል የተበየደ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ዋጋው ከማኪያቶ ያነሰ።

የመድረክ ግድግዳ ሲሠሩ ችፑድ አይወዱም፤ ከባድ ነው፣ ተማሪ ላይ ቢወድቅ ይጎዳል። ቀጭን ጣውላ በ1.20 በ2.40 ሜትር ፍሬም አድርገው አቡጀዲ ይወጥሩበታል። ጨርቁ ከየጎኑ መካከል ተጀምሮ ወደ ማዕዘን ይሄዳል፤ በጣም አይወጠርም፣ ምክንያቱም 1 እጅ ኮላ በ4 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀባ ራሱ ይሰበሰባል። ቀድሞ የተወጠረ ከሆነ ፍሬሙን ያጣምመዋል። ማያያዣው ብሎን ነው፤ ሚስማር የተመታበት እንጨት ለሚቀጥለው ዓመት አይተርፍም። ከኋላ የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ቆሞ በማዳበሪያ አሸዋ ይጫንበታል።

ድምፅ ላይ ብዙ አይደክሙም። ስፒከሩን ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ ያዞሩታል፤ ፉጨቱ በዚህ ይቀንሳል። ለከበሮ ማይክ አይሰጡም፣ ለክራርና ለማሲንቆ ይሰጣሉ። ለገመድ አልባው ማይክ ለየትዕይንቱ አዲስ ባትሪ ነው። ትናንት የሠራ ባትሪ ዛሬ ሁለተኛው ገቢር ላይ ነው የሚሞተው።

በትዕይንት መካከል መብራት ሲጠፋ ተማሪዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ የመድረኩ ጠርዝና ደረጃው በጨለማ የሚያበራ ቴፕ ስላለበት ማንም አይወድቅም። ጋሼ የመድረኩን ብሬከሮች ያወርዳሉ፣ ጄነሬተሩ ወይም መብራት ኃይል ሲመለስ ቮልቴጁ መርጋቱን በቴስተር አይተው አንድ በአንድ ያነሣሉ። ሲመለስ በሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ የተቃጠለ ሚክሰርና የመብራት ኮንሶል በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ሞልቷል።

ለሚፈልጓቸው፦ ርካሽ አይደሉም፤ ከሰፈር ኤሌክትሪሽያን በላይ ይጠይቃሉ፣ ይገባቸዋልም። ለዓመቱ መዝጊያ ትዕይንት ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት መነገር አለባቸው፤ በዋዜማው ቢደወልላቸው አይመጡም። የአዳራሹን የብሬከር ሳጥን ፎቶ፣ የመድረኩን ስፋትና ከፍታ፣ የተውኔቱን ጽሑፍ ቀድማችሁ ላኩላቸው። ምድጃ ካላችሁ ሞዴሉንና በስሪ ፌዝ ወይም በአንድ ፌዝ እንደሚሠራ ንገሯቸው። መሰላል ላይ ብቻቸውን ስለማይወጡ ከሥር የሚይዝ አንድ ሰው አዘጋጁ፤ ያ ሰው ስልክ የማይነካ ይሁን።

ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በምድጃው ቀዳዳ ፊት የሚይዙት መስታወት ተሰብሯል፣ ለአዲሱ ወሰነ ትምህርት ሌላ ገዝተን መሳቢያዎ ውስጥ አስቀምጠናል።