ሞተር ማሰር የሚያውቅ የአይሱዙ ሾፌር

ከሰንዳፋ ወደ ገላን ቤት ስቀይር ሶፋውና ፍሪጁ እምብዛም አላሳሰቡኝም። ሐሳቤ ሁሉ ሞተር ብስክሌቴ ላይ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ቦክሰር ሞተሬ ከሌለች የታመመች ላም ጋ የምደርሰው ባለቤቱ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። እየነዳሁ እንዳልወስዳት ደግሞ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም፤ የኔዋ የኦሮሚያ ታርጋ ናት። ስለዚህ ከዕቃው ጋር መጫኗ የግድ ሆነ።

ደላላ ያመጣልኝ የመጀመሪያው ሾፌር «ፍራሽ ከሥር አድርገን በጎኗ እናስተኛታለን፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። ሞተር በጎኗ ስትተኛ ቤንዚኑ መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ባትሪዋ አሲድ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ አሲዱም ይወርዳል። ማታ የምንተኛው እዚያው ፍራሽ ላይ መሆኑን ሰውዬው ያሰበበት አልመሰለኝም።

ይህን የምጽፈው ግን ከሱ በኋላ ስላገኘሁት ሾፌር ነው። ለገጣፎ መግቢያ ላይ አይሱዙዎች ተደርድረው ሥራ ከሚጠብቁበት ቦታ የተገኘ፣ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ነው። በስልክ ሞተር እንዳለኝ ስነግረው ወዲያው «የቤንዚን ታንኳ ሙሉ ነው እንዴ ዶክተር?» አለ። ሙሉ ከሆነ እስከ ሩብ አውርደው፣ ስትጫን ደግሞ የነዳጅ መዝጊያዋን ዝጋ፣ ስፖኪዮዎቹንም ፈትተህ በጨርቅ ጠቅልል ብሎ አዘዘኝ። ዋጋ ሳንነጋገር ልቤ ወደሱ ሄደ። 7,000 ብር ብሎ ጀምሮ በ6,000 ተስማማን።

መኪናው ያረጀ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ የበሩ መስታወት የሚወርደው በሁለት እጅ እየተገፋ ነው። ካሶኒው ግን ግሩም ነው፤ ወለሉ ላይ የብረት ቀለበቶች ተበይደውበታል። ሞተር የሚያስጭን ሰው ከሞዴሉ በፊት ማየት ያለበት ይህንን ነው። ቀለበት ከሌለ ገመዱን ስፖንዳው ላይ፣ ማለትም የካሶኒው የጎን ግድግዳ ላይ ነው የሚያስሩት፤ እሱ ከፍ ስለሚል ሞተሯን በጎን ይጎትታታል እንጂ ወደ ታች አይዛትም።

ጫኞቹ «ይቺ ከፍሪጅ ትከብዳለች» ብለው ለሞተሯ ብቻ ተጨማሪ 1,000 ብር ጠየቁ። ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነች አልተሳሳቱም፤ ግን በእጅ አንሥተው ሊያወጧት ነበር ያሰቡት። ሾፌሩ ጋሼ ከልክሎ ከወንበሩ ጀርባ ወፍራም ጣውላ አወጣ። መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ከግቢዬ በር አጠገብ ካለው ከፍታ ጋር ስላገጣጠመው ጣውላው ብዙም ዳገት አልሆነም። ሞተሯ ጠፍታ፣ አንዱ መሪዋን ይዞ፣ ሁለቱ ከኋላ እየገፉ ወጣች። ጫኞቹም በ500 ብር ረኩ።

አስተሳሰሩን በደንብ አየሁት። የፊት ጎማዋን ከጋቢናው ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር በካርቶን ከልሎ አስደገፈ። ሁለቱን መወጠሪያ ቀበቶዎች መሪዋ ላይ አላሰረም፤ ዝቅ ብሎ የፊት አሞርዛተሮቹ ከሚያያዙበት ብረት ላይ ጀምሮ ግራና ቀኝ ወደ ፊትና ወደ ታች ወጠራቸው። አሞርዛተሩ ግማሽ ያህል ሲወርድ አቆመ። እስከ መጨረሻ ከተጫነ የዘይት መያዣ ጎሚኒው ይጎዳል፤ ከላላ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ስትዘል ቀበቶው ይወልቃል። ከኋላ በናይለን ገመድ ግራና ቀኝ ያዛትና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ የጎን መቆሚያዋን አጠፈው። እኔ መቆሚያው ላይ ብትቆም ይሻላል ብዬ ነበር። «መንገዱ ሲያንገጫግጨን መቆሚያው ይጣመማል፤ በሁለት እግሯ ትቁም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አየሁ።

ፍራሹ በስተመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ በሞተሯና በቁም ሳጥኑ መካከል ገባ።

አያት ስንደርስ ጥግ ይዞ ቆመና ካሶኒው ላይ ወጣ። አንዱ ቀበቶ ላልቶ አገኘው፤ ጭነት መጀመሪያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቦታ ቦታውን ስለሚይዝ ይህ ሁሌም ያጋጥማል አለኝ። እንደገና ወጥሮ በጎሮ አድርገን ቱሉ ዲምቱ ወጣን። ገላን ላይ ሞተሯን አንድ ጭረት ሳይነካት አወረድኳት፤ ማርሚታዋ ላይ እንኳ አዲስ ነገር የለም።

የማይወደድም አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ብሎኝ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ፤ ስደውልለት ሁሌም «ደርሻለሁ» ነው። ቀበቶውም ሁለት ብቻ ነው። የናይለን ገመድ እየተለጠጠ ይላላል፣ የሞተሯ ወንበር ጠርዝ ላይም ይፋተጋል፤ እኔ አሮጌ ጂንስ ቆርጬ ከሥሩ ባላደርግ ቆዳውን ይበላው ነበር። እናንተ ሁለት ቀበቶ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መርካቶ ይገኛል። ማውረጃውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ገላን ስደርስ የሰፈሩ አውራጆች በር ላይ ጠብቀው ከሰንዳፋዎቹ የሚበልጥ ዋጋ ጠየቁኝ፤ ጋሼ በዚህ ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ክርክሩ የሱ ሥራ አይደለም፣ አልፈርድበትም።

በሚቀጥለው ወር የሥራ ባልደረባዬ ከሱሉልታ ይቀይራል፤ እሱም ሞተር አለው። የጋሼን ስልክ ሰጥቼዋለሁ፤ ቀጠሮውን ከሚፈልገው ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጎ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ።